አራት ፋይል፣ ሶስት ቁጥር፣ አንድ ዲፌንስ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጅማ ነው ያለሁት። በሕብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፣ ዲፌንሴ፣ ጥናቴን በኤግዛሚነሮች (በፈታኞች) ፊት የማቀርብበት ቀን፣ አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል። ጥናቱን የሠራነው ሁለት ሆነን ነው። ዳታውን በጋራ ሰብስበን፣ ርዕስ ተከፋፍለን፣ እኔ የራሴን እሱ የራሱን እንጽፋለን። ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፣ እንደ ወንድሜ ነው የማየው።

ሰቃ ጨቆርሳና ማና ወረዳ ጤና ጣቢያዎች እየዞርን ነፍሰ ጡር እናቶችን ጠይቀናል፣ የክትትል ቀናቸውን ደግሞ ከካርድ ገልብጠናል። የሞላነው በስልክ፣ ኮቦ በሚባለው መጠይቅ መሙያ ነው። አካውንቱ የእሱ ነው። ኤክሴል ላይ ክሊን አድርጎ (ስህተቱን አጽድቶ) ወደ ስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ የቀየረውም እሱ ነው። እኔ የመጣልኝን ፋይል ይዤ ትንታኔዬን ሠራሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰንጠረዦቼን ሳስተካክል ደነገጥኩ። ሜቶድ ላይ የጻፍነው 422 ሰው ነው። ሰንጠረዥ 1 ላይ 417 አለ። ሬግሬሽኑ (የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳየው ትንታኔ) ላይ 409። ፎልደሬን ብከፍት «ዳታ ፋይናል»፣ «ዳታ ፋይናል 2»፣ «ዳታ የመጨረሻ ፋይናል»፣ «ዳታ ዶክተር ያዩት» የሚል ነው። የቱ ትክክል እንደሆነ አላውቅም። አድቫይዘሬ ዶክተር ደግሞ ድራፍቱን አይተው ጥሩ ነው ብለውኛል።

ጓደኛዬን እንዳልጠይቀው «እኔ አበላሸሁት ማለትሽ ነው?» የሚለኝ ይመስለኛል። አንዴ በቀልድ አንስቼበት ፊቱ ተለዋወጠ። ለዶክተር ብነግራቸው ዲፌንሱን ያራዝሙታል ብዬ እፈራለሁ። ሌሎች ልጆችን ሳማክር አንዱ ለሪፈረንስ ማደራጃ ሜንደሌይን ትተሽ ዞቴሮ ተጠቀሚ ይላል፣ አንዱ አር የሚባለውን የትንታኔ ፕሮግራም ተማሪ ይላል፣ አንዱ ደግሞ የፋይል ለውጥ መዝጋቢውን ጊት የማይጠቀም ተመራማሪ አይባልም አለኝ። ሌሊት ሌሊት ዩቲዩብ ሳይ አድራለሁ፣ ጠዋት ምንም የያዝኩት ነገር የለም። የቱን ሶፍትዌር ልያዝ? ለዶክተርስ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

*

አይዞሽ እህቴ። የጠየቅሽኝ ስለ ሶፍትዌር ነው፣ እንቅልፍ የነሳሽ ግን ሌላ ነው፦ ቁጥሩ ለምን እንደተለያየ አለማወቅሽ፣ ከዚያ ደግሞ ጓደኛሽን ሳታስቀይሚው እንዴት እንደምትጠይቂው። ዞቴሮ አንዱንም አይፈታልሽም። ከቁጥሩ እንጀምር፣ ሶፍትዌሩ ይደርሳል።

422 ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ። በናሙና ቀመሩ በሚወጣው 384 ላይ ለማይመልሱት 10 በመቶ ተጨምሮ ነው፣ የጤና ተማሪ በእንቅልፍ ልቡ የሚናገረው ቁጥር ነው። ግን ይሄ ልታገኙ ያቀዳችሁት ነው። ያገኛችሁት ከዚያ ሊያንስ ይችላል። አምስት እናቶች ፈቃደኛ ካልሆኑ ወይም መሃል ላይ ተረኛ ነሽ ተብለው ከተጠሩና ካልተመለሱ 417 ይቀራል። ለ422 ስታካፍይው 98.8 በመቶ ምላሽ ነው፣ አንድ መስመር ጽፈሽ የምታልፊው ነገር።

409ም ቢሆን የግድ ስህተት አይደለም። ኤስፒኤስኤስ ሎጂስቲክ ሬግሬሽን ሲሠራ፣ ሞዴሉ ውስጥ ካስገባሻቸው ጥያቄዎች አንዷን እንኳ ያልመለሰች ሴት ካለች ሙሉ በሙሉ ትቷት ነው የሚሄደው። ስምንት ሴቶች የቤታቸውን ገቢ መናገር ካልፈለጉና አንቺ ገቢን ሞዴሉ ውስጥ ካስገባሽ፣ 417 ሳይነገርሽ 409 ይሆናል። ሳይነገርሽ አልኩ እንጂ ይነግርሻል፣ እንዲያ ያልኩት ማንም ስለማያየው ነው። ከአውትፑቱ አናት ላይ ኬዝ ፕሮሰሲንግ ሰመሪ የምትባል ትንሽ ሰንጠረዥ አለች። ሁላችንም ዋናውን ውጤት፣ ኦድስ ሬሾውን፣ ለማየት ስንቸኩል ዘለናት ነው የምንወርደው። እሷን ክፈቺ። 409 ገብቷል፣ 8 ሚሲንግ (መልስ የጎደለው) ነው ካለችሽ ግማሹ ጭንቀትሽ እዚያው አለቀ።

እግረ መንገድሽን ፊልተርም እይ። አንድ ቀን ለአንዲት ጥያቄ ብላችሁ ሰሌክት ኬዝስ የሚለውን (የተወሰኑ ሰዎችን ብቻ መምረጫውን) ተጠቅማችሁ፣ ሳታጠፉት ቀርታችሁ ሊሆን ይችላል። ዳታው ሲከፈት ከታች «ፊልተር ኦን» የሚል ካለ፣ በግራ በኩል ደግሞ አንዳንዱ የረድፍ ቁጥር ላይ ሰያፍ መስመር ከተሰመረ፣ እሱ ነው። ያልተመረጡትን አጥፋ የሚለውን ተጭናችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት ግን ከዚያ ፋይል ላይ ጠፍተዋል፣ ወደ ዋናው መመለስ ሊያስፈልግ ነው።

አሁን እኔን ወዳሳሰበኝ ልምጣ። አንቺ በግማሽ መስመር ነው ያለፍሽው፦ የክትትል ቀን ከካርድ ገልብጠናል ብለሻል። ካርዱ ላይ ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው። ኤክሴል ደግሞ የእኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/02/2017 ብላችሁ ብትጽፉለት፣ ለእሱ የፌብሩዋሪ 30 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የካቲት 5ን 05/06 ብትሉት ወር የሚያስቀድም ላፕቶፕ ላይ ሜይ 6፣ ቀን የሚያስቀድም ላፕቶፕ ላይ ጁን 5 ይሆናል፣ ያንቺና የእሱ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ጳጉሜ 3ን 03/13 ብላችሁ ከሆነማ ወር በሚያስቀድመው ላይ ማርች 13 ብሎ ይቀበላችኋል። ዝም ብሎ። ቀይ መስመር አያሰምር፣ አይጮህ። ከዚያ በሁለት ክትትል መካከል ስንት ሳምንት አለ ስትይው ያሰላልሻል፣ መልሱም ደህና መልስ ይመስላል።

አይተሽ መለየት ቀላል ነው። ማንም አሰላለፉን ካልነካው፣ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፣ ያልገባውን ወደ ግራ ይተወዋል። የቀኑን ኮለም ከላይ እስከ ታች በዓይንሽ ውረጂበት። ወደ ግራ የተጠጉ አሉ? ወሩ 2 ሆኖ ቀኑ 30 የሆነ አለ? እነዚህ ወደ ኤስፒኤስኤስ ሲሻገሩ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ከስምንቱ ሚሲንጎችሽ ጥቂቶቹ የጥቅምት 30 እናቶች ቢሆኑ አይገርመኝም።

ይሄ ደግሞ የእናንተ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ለሰው ጂን ስም የሚያወጡት ሳይንቲስቶች ኤክሴል ስሞቹን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገራቸው የጂኖቹን ስም ራሱ ቀይረውታል። ኤክሴልን ከማሳመን ጂኑን መሰየም ቀለላቸው! እናንተ ግን ጥቅምትን አትቀይሩትም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሶስት ኮለም ተራ ቁጥር አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ መንገድ ወደ ፈረንጅ ለውጣችሁ አጠገቡ አስቀምጡ፣ የኛውን ሳትሰርዙ።

እሺ፣ ዋናውስ የት ነው? እዚህ ላይ ያላስተዋልሽው መልካም ዜና አለሽ። የሞላችሁት በኮቦ ስለሆነ፣ ማንም እዚያው ገብቶ ካላረመው ወይም ካልሰረዘው፣ እናቶቹ የመለሱት ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። አራቱም ፋይናሎች ቢጠፉ ያ አለ። አውርዶ ማየት ምንም አይነካውም። እያንዳንዷ መጠይቅ ደግሞ የራሷ መለያ ቁጥር አላት፣ ክሊን ሲደረግ ያ ኮለም «አያስፈልግም» ተብሎ ካልተሰረዘ በቀር። በዚያ ቁጥር ዋናውን ካንቺ ፋይል ጋር ስታስተያዪ ማን እንደጎደለ በስም ሳይሆን በመለያ ታገኚዋለሽ። ኤስፒኤስኤስ ራሱ ሁለት ዳታ ማወዳደሪያ አለው፣ ዳታ ከሚለው ሜኑ ውስጥ ኮምፔር ዳታሴትስ በይው።

ጓደኛሽ ፕሮጀክቱን ላንቺም ማየት ብቻ በሚያስችል ፈቃድ ሼር ሊያደርግልሽ ይችላል። ፓስዎርዱን እንዲሰጥሽ አትጠይቂው፣ እሱን ብጠየቅ እኔም ፊቴ ይለዋወጣል።

እስቲ ስለ እሱ እናውራ። በቀልድ አንስቼበት ነበር ብለሻል። ቀልዱ ምን ነበር? ሰው ፊት ነበር? አንዳንዴ በቀልድ የተነገረ ነገር በቁም ነገር ከተነገረው ይልቅ ያማል፣ ምክንያቱም መልስ አይሰጥበትም። ሌላም ልጠይቅሽ፦ ክሊኒንጉን እሱ ብቻ የሠራው ልሥራ ስላለ ነው ወይስ ማንም ስላልተካፈለው? ያን አሰልቺ ሥራ ምናልባትም መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ብቻውን ቁጭ ብሎ ሠርቶት፣ አመሰግናለሁ ያለው ሰው ከሌለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ጎደለ» ሲሆን ቢከፋው አልፈርድበትም። አንቺም አልተሳሳትሽም፣ ግን ከየት ብትጀምሪ እንደሚሻል ለማየት ይረዳሻል።

በቴሌግራም ጽሑፍ አትጀምሪ። በጽሑፍ ድምፅ አይሰማም። ደውዪና እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ዳታ ክሊን ስታደርግ ብቻህን ነው የተውኩህ፣ አሁን ነው የገባኝ። ኤግዛሚነር 422 እንዴት 417 ሆነ ብሎ ቢይዘኝ የምመልሰው የለኝም፣ አንተንም ይጠይቁሃል። ነገ ከኮቦው ጀምረን አብረን እንቁጠረው? ቡናው በእኔ።» «አንተንም ይጠይቁሃል» የምትለዋን እንዳትረሺ። ለማስፈራራት አይደለም፣ እውነት ነው። ዳታው የሁለታችሁ ስለሆነ ቀዳዳውም የሁለታችሁ ነው።

ስትገናኙ ፋይናል የሚባለውን ሁሉ ወደ አንድ «አሮጌ» የሚባል ፎልደር ወርውሩት። አታጥፉት፣ ግን አትክፈቱት። ከኮቦ እንደ አዲስ አውርዱ፣ «ጥሬ» በሚባል ፎልደር አስቀምጡት፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ሪድ ኦንሊ አድርጉት። ያ ፋይል ከዛሬ ጀምሮ አይነካም። አንድ ፊደል እንኳ። ዕድሜዋ 220 የሆነች ሴት ብታገኙም እዚያ ላይ አታርሟትም። ኮፒ አውጥታችሁ በኮፒው ላይ ታርሙና፣ አጠገቡ ባለ ተራ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፦ ቀኑ፣ መለያ ቁጥሯ፣ ዕድሜ 220 ወደ 22፣ ካርዷ ላይ 22 ስለሚል፣ ያረመው ማን እንደሆነ። በቃ። ይቺ ዝርክርክ የምትመስል ፋይል ኤግዛሚነር ፊት ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ታኮራሻለች።

ትንታኔው ላይ ደግሞ አንድ ልማድ ብቻ ልለምንሽ። ኤስፒኤስኤስ ላይ ማንኛውንም ነገር መርጠሽ ከጨረስሽ በኋላ ኦኬ ከመጫንሽ በፊት አጠገቡ ፔስት የሚል አለ። እሱን ተጫኚ። የመረጥሽው ሁሉ ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ ሲንታክስ መስኮት ላይ ይወጣልሽና ከዚያ ታስሮጪዋለሽ። ሴቭ አድርጊው። የዛሬ ሳምንት አንድ ዕድሜ ቢታረም፣ ሰንጠረዦቹን በሙሉ እንደ አዲስ በማውዝ መቀጥቀጥ የለም፣ ያንን ጽሑፍ እንዳለ ታስሮጪና ሻይሽን ትጠጫለሽ። አር ተማሪ ያለሽ ልጅ ሊነግርሽ የፈለገው ትልቁ ጥቅምም ይሄው ነው፣ የሠራሽው ተጽፎ መቅረቱ።

አር ጎበዝ ነው፣ ነፃ ነው፣ ፈቃዱ አለቀ ብሎ በሌሊት አይዘጋብሽም። ጊትም ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊነክስ ሥራ የሠራው ግሩም ነገር ነው፣ ግን ለኮድ እንጂ ለወርድ ፋይል አይመችም፣ ዶክተር የቱን ዓረፍተ ነገር እንዳረሙብሽ ለይቶ አያሳይሽም። ለዚያ ወርድ ራሱ ሪቪው ውስጥ ኮምፔር የሚል አለው። ሁለቱንም ከዲፌንስ በኋላ ተማሪያቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወር በቀረው ጊዜ አዲስ ነገር ከመጀመር የምታውቂውን በደንብ መጠቀም ይሻልሻል፣ ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ማደሩም ይቅር።

ሪፈረንሱን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ከባዶ ብትጀምሪ ኖሮ እኔ ዞቴሮን እመርጥልሽ ነበር። ነፃ ነው፣ የማንም አሳታሚ ድርጅት አይደለም፣ ሜንደሌይ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤልሴቪየር ነው። አሁን ግን ጽሑፍሽ በሙሉ በሜንደሌይ ተሳስሯል። ግማሹን በአንዱ ግማሹን በሌላው ማድረግ መዘዝ ነው። በያዝሽው ጨርሺ። ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ወርዱን ይዘሽ አትሂጂ፣ ፒዲኤፍ አድርገሽ ውሰጂ። የእነሱ ወርድ ገጽሽን ሊያዛባው ይችላል፣ ፍላሽሽም ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ዋናው ፋይልሽ ያለበትን ፍላሽ ለማተሚያ ቤት አታውሺ።

ያለሽ ነገር ሁሉ ላፕቶፕሽ ላይ ብቻ ነው? ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጪና ያንን ሌላ ቤት አስቀምጪ፣ ሶስተኛውን ጉግል ድራይቭ ላይ። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ የ417 ሰው ዳታ ከአንድ ቪዲዮ ያነሰ ነው፣ ፓኬጅ አያስጨርስም።

ከመጫንሽ በፊት ግን አንድ ነገር። ፋይሎቹን የምትለዋወጡት በቴሌግራም እንደሆነ እገምታለሁ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፋይሉ ውስጥ የካርድ ቁጥር አለ? ስልክ አለ? የምርመራ ውጤትስ? እነዚያ እናቶች የነገሩሽ ስማችሁ አይወጣም ብለሽ ስላስፈረምሻቸው ነው። ስምና ስልክ ያለበትን ኮለም ለብቻው አውጥታችሁ በፓስዎርድ ቆልፉት፣ የምትሠሩበት ፋይል ላይ መለያ ቁጥር ብቻ ይቅር፣ ቴሌግራም ላይ የተላከውን ደግሞ ከሁለታችሁም ወገን አጥፉት። ይሄ ከ422ቱ ጥያቄ ይበልጥብኛል እንጂ አያንስም።

ለዶክተር መንገሩ ላይ፣ መልሴ አዎ ነው። ግን ነገ ጠዋት አይደለም። «ዶክተር፣ ቁጥሩ ተዘበራረቀብኝ» ብሎ በባዶ እጅ መሄድ እሳቸውንም ያስደነግጣል። ሁለት ሶስት ቀን ውሰዱ፣ ቁጠሩ፣ ከዚያ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ልዩነቱ ፈቃደኛ ያልሆኑና ሚሲንግ ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ የምትነግሪያቸው ሁለት መስመር ስለጨመርሽ ነው። ቀኖቹ ተበላሽተው ውጤቱ ከተቀየረ ደግሞ መንገር የግድ ነው፣ ምናልባት ሳምንት ይራዘም ይሆናል። ግን አስቢው፦ አንቺ ከዲፌንሱ በፊት ብትነግሪያቸው ይሻላል ወይስ ወረቀቱ ጆርናል ላይ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ቢነግራቸው? ሳይቃጠል በቅጠል።

እንዲህ ብለሽ ብትጽፊላቸውስ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ። ዳታውን ከኮቦው ጋር ስናመሳክር አንዳንድ ቀኖች ሲገለበጡ እንደተዛቡ አይተን አስተካክለናል። ምን እንደተቀየረና ውጤቱ ላይ ያመጣውን ለውጥ በአንድ ገጽ አዘጋጅተናል። መቼ ቢመችዎ መጥተን እናሳይዎ?» አብዛኛው አድቫይዘር እንዲህ ያለ መልዕክት ሲደርሰው የሚያስበው «ዳታቸውን ያውቁታል» ብሎ ነው።

ጓደኛሽ አልቀመጥም ቢልስ? ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ጠይቂው፣ ሁለተኛውን በአካል። አሁንም እምቢ ካለ በእጅሽ ያለውን ቁጥር አንቺው መርምሪ፣ ከዚያ ወደ ዶክተር ሄደሽ ዋናውን ለማየት የኮቦው ፈቃድ እንደሚያስፈልግሽ ንገሪያቸው። ፈቃድ ስጣት የሚለውን ከእሳቸው ይስማው። እዚያ ላይ ማን ምን እንዳበላሸ አታንሺ። ገና አታውቂውም እኮ፣ ምናልባት ያበላሸው ማንም ሳይሆን ያች የፌብሩዋሪ 30 ብቻ ትሆን ይሆናል።